እትዬ የትኞቹ እና የመጨረሻው ገጽ

በየመሥሪያ ቤቱ አንድ እንዲህ ዓይነት ሰው አይጠፋም። ያለ ክፋት፣ ጨዋታ ለማሳመር ያህል የወረወራችሁትን ዓረፍተ ነገር አየር ላይ ቀልቦ፣ አገላብጦ አይቶ፣ «ይሄ ከየት የመጣ ነው?» ብሎ የሚመልስላችሁ። «የዘንድሮ ልጆች አያነቡም» ስትሉ «የትኞቹ ልጆች?» ይላችኋል። «ጎረቤት ሁሉ ያው ነው» ስትሉ «ስንት ጎረቤት አለህ?» ይላችኋል። ሰው ሁሉ አንድ እንዲህ ዓይነት ሰው ያውቃል፤ ከእንዲህ ዓይነት ሰው ጋር ሻይ የጠጣ ሁሉ ደግሞ ሻዩ ቀዝቅዞበታል።

ይህን ስጽፍ በትከሻዬ በኩል ዞር እያልኩ ነው። የዚህ ወገን ሁሉ የበላይ የሆኑት ክብርት እትዬ የትኞቹ ከላይ ያለውን አንቀጽ ቢያገኙት ኖሮ በቀይ እስክሪብቶ ደም በደም ያደርጉት ነበር። «‹በየመሥሪያ ቤቱ›? ዞረህ አየሃቸው? ‹ሰው ሁሉ›? እናቴንም ጠይቀሃታል?» ይሉኝ ነበር። እናታቸው ካረፉ ስንት ዘመናቸው፤ ቢሆንም መጠየቅ ነበረብኝ።

መሥሪያ ቤታችን መጻሕፍት ያትማል። ማሽኖቹ ከታች ናቸው፣ እኛ ከላይ። ማሽኖቹ ሥራ ሲጀምሩ የእኛ ክፍል መስታወት ይንቀጠቀጣል፤ ብርጭቆ ውስጥ የቆሙት እርሳሶችም ይንቀጠቀጣሉ። ክፍላችን የልጆች መጻሕፍት ክፍል ይባላል። ሦስት ጠረጴዛ፣ አንድ የማይዘጋ ቁም ሳጥንና እግሯ የተሰበረ ሉል አለን። ሉሏ ባዶ የአበባ ማሰሮ አፍ ላይ ስለተቀመጠች የደቡቡን ግማሽ ለማየት ማንሳት የግድ ነው። እኔ እጽፋለሁ፤ ወጣቱ ሰዓሊያችን ይሥላል፤ እትዬ የትኞቹ ደግሞ አርታኢ ነበሩ። ስሙን ያወጣላቸው ሰዓሊው ነው። የሰሙት ቀን ቀና ብለው እንኳ ሳያዩ «የትኛዋ እትዬ የትኞቹ?» አሉ። ሌላ ያለች ይመስል።

የዚህ ቤት ወግ ሁለት ነው። አንደኛው፣ የትኛውም ገጽ አርታኢው ከግርጌው «ይታተም» ብሎ ካልፈረመበት ወደ ማሽን አይወርድም። ሁለተኛው እትዬ የትኞቹ ራሳቸው ያመጡት ነው፤ እኛ «የመቀመጫ ፈተና» እንለዋለን። መጽሐፉ ከመታተሙ በፊት ረቂቁ ለአንድ ክፍል ተማሪዎች ይነበባል። እሳቸው ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚያዩት የልጆቹን ፊት አይደለም፤ መቀመጫቸውን ነው። «ልጅ በፊቱ ይዋሻል፤ መምህሩ አለ፣ እንግዳ አለ፣ ያፍራል። በመቀመጫው ግን ዋሽቶ አያውቅም» ይላሉ። ልጆቹ መቁነጥነጥ የጀመሩበት ገጽ በማግስቱ የለም። የኔ ስንቱ ውብ ገጽ በልጆች መቀመጫ ምክንያት እንደተቀበረ እኔና የቆሻሻ ቅርጫቱ እናውቃለን።

አንድ ቀን አብረን ታክሲ ተሳፈርን፤ ለስብሰባ ቸኩለን ነው። ሾፌሩ ምስኪን ወሬ ለመጀመር ብሎ «ነጋዴ ሁሉ እኮ ሌባ ሆነ» አለ።

«የትኛው ነጋዴ?» አሉ እትዬ የትኞቹ ከኋላ።

«ያው ሁሉም ነዋ፣ እናቴ።»

«ሁሉም የሚባል ነጋዴ የለም። አንተን ማነው የበደለህ?»

ሾፌሩ መኪናውን ጥግ አስይዞ አቆመና አሮጌ ጎማ አዲስ ነው ብሎ ስለሸጠለት የገዛ አማቹ ያጫውተን ጀመር። አማቹን ከልጅነቱ ጀምሮ አወቅነው። ስንደርስ ስብሰባው አልቆ ሰዎቹ እየተሰነባበቱ ነበር። የዓለም ነጋዴ በሙሉ ነጻ ወጥቶ የተፈረደበት አንድ አማች ብቻ ነበር።

ሐኪም ቤት ሄደው ሐኪሙ «በእርስዎ ዕድሜ ያሉ ሴቶች ጉልበታቸውን ያማቸዋል» ቢላቸው «የትኞቹ ሴቶች? እኔን ያመመኝ ትከሻዬን ነው» ብለው መልሰውታል። ከሕዝቡ አፍ የመጣውን ተረትና ምሳሌ እንኳ አይምሩም። አንድ ጊዜ ሥራ አዘውኝ ስነሳ፣ ሞቅ ለማድረግ «ሴት የላከው ሞት አይፈራም!» ብላቸው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። «የትኛዋ ሴት? እኔ የላክኋችሁ ሰዎች የሒሳብ ክፍሏን ፈርታችሁ ከደረጃው ስትመለሱ በዓይኔ አይቻለሁ።»

እንግዲህ እኚህ ሴት ባሉበት ክፍል ነው ሥራ አስኪያጃችን አንድ ማለዳ በሩን በርግዶ የገባው። ሥራ አስኪያጃችን እኩያዬ ነው፤ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ «ጤና ይስጥልኝ» እንኳ ሲል ንግግር የሚያደርግ የሚመስል፣ ልቡ ግን ቀና ሰው። «ልጆቻችን» አለ እጁን ዘርግቶ፣ «አህጉራቸውን ማወቅ አለባቸው! ስለ አፍሪካ ሕዝቦችና ባህሎቻቸው፣ ማንበብ በደንብ ለጀመሩ ልጆች፣ የሚያምር፣ ሥዕል የበዛበት መጽሐፍ እንሠራለን። የትምህርት ቤቶች መጽሐፍ መራጮች ክረምቱ ሳያልቅ ይመጣሉ። ያን ጊዜ ጠረጴዛው ላይ መገኘት አለበት።»

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የቀረውን ነገረን። መጽሐፉ ካልደረሰ የልጆች ክፍል ይዘጋል። ክፍሉን የሚረከበው የካላንደርና የጥሪ ካርድ ክፍል ነው፤ እኛንም አብሮ ይረከበናል። እኔ የሠርግ ጥሪ ልጽፍ፣ ሰዓሊው ርግብና ቀለበት ሲሥል ሊኖር ነው። እትዬ የትኞቹ በዓመቱ መጨረሻ ጡረታ ስለሚወጡ ለሳቸው የመጨረሻ መጽሐፋቸው ነበር።

እኔ ወዲያው ጻፍኩ። የመጀመሪያው ገጽ እንዲህ ይላል፤ እስከዛሬ በቃሌ አለ፦ «አፍሪካውያን ከበሮ ይመታሉ፤ ይጨፍራሉ፤ ፀሐይ በማይለያት ምድራቸው ተፈጥሮን አክብረው በደስታ ይኖራሉ።»

እትዬ የትኞቹ አነበቡት። መነጽራቸውን አወለቁ።

«እነዚህ ሰዎች ሥራ የላቸውም?»

«ማለት...»

«አንተ ከበሮ ትመታለህ?»

«ኧረ እኔ እንኳ...»

«ጭፈራስ?»

«ሠርግ ላይ እንኳ ተቀምጬ ነው የማጨበጭበው፣ እትዬ።»

«እንግዲያው ከአህጉሩ ወጥተሃል። በየት በኩል ነው የወጣኸው?»

የሰዓሊው ዕጣ የባሰ ነበር። እሱ ሥራ ለማቅለል ብሎ አንድ ሰውዬ ሣለ፤ ከበሮ የታቀፈ፣ ከኋላው ቀይ ጀንበር የምትጠልቅበት። ሰውዬውን ቆንጆ አድርጎ ስለሣለው እየቀዳ በየገጹ ያስቀምጠው ጀመር። በረሃው ላይ ያ ሰውዬ፤ ተራራው ላይ ያ ሰውዬ፤ ሐይቁ ዳር ያ ሰውዬ። እትዬ የትኞቹ ገጾቹን አንድ በአንድ ገለጡ።

«ይሄ ሰውዬ መንገድ አይታክተውም?» አሉ። «ትናንት ሰሃራ ነበር፤ ዛሬ ሐይቅ ላይ ደርሷል። ደግሞስ ይቺ ጀንበር ለምንድነው የማትወጣው? ሁልጊዜ እየጠለቀች ነው።»

«ምልክት ነው፣ እትዬ» አለ ሰዓሊው።

«የምን ምልክት?»

«የአፍሪካ።»

«የትኛዋ?»

ያ ልጅ የዚያን ቀን ምሳውን አልበላም። በማግስቱ ሉሏን ከማሰሮዋ አነሱለትና ጣታቸውን ከታች፣ ከደቡቡ ጫፍ ላይ አሳረፉ። በሌሶቶ ተራሮች ክረምት ሲገባ በረዶ እንደሚጥል፣ ባሶቶዎች ወፍራም ብርድ ልብስ ደርበው በፈረስ እንደሚሄዱ ነገሩት። ሰዓሊው በረዶ ሥሎ አያውቅም። ነጭ ቀለሙን ጨርሶ የኔን የስህተት ማጥፊያ ሁሉ ወሰደ።

እኔም ትምህርቱ የገባኝ መስሎኝ ብልጥ ሆንኩ። ሁለተኛው ረቂቄ እንዲህ ነበር፦ «በአንዳንድ ቦታዎች፣ አንዳንድ ሰዎች፣ አንዳንድ ጊዜ ከበሮ ይመታሉ ይባላል።» አሁን ምን ሊሉኝ ነው ብዬ እጄን አጣጥፌ ቁጭ አልኩ።

«ይሄ ደግሞ ፈሪ ዓረፍተ ነገር ነው» አሉኝ። «እኔ ‹የትኞቹ?› ያልኩህ እንድትደበቅ ነው? ሂድና እወቅ እንጂ ነው ያልኩህ።»

ሄጄ አወቅሁ። አነበብኩ፤ ደወልኩ፤ ደጅ ጠናሁ። ያመጣሁትን ሁሉ ደግሞ እያጠሩ ይመልሱልኝ ነበር። አንድ ጊዜ ሰዓሊው ለምሥራቅ አፍሪካዎቹ ኪኩዩዎች ገጽ አንዲት ሴት ከራስ ፀጉሯ እስከ ቁርጭምጭሚቷ በዶቃ አስጊጦ አመጣ። «ታምራለች» አሉ፣ «ግን ሰው የበዓል ልብሱን ለብሶ አይውልም። ይቺን ሴትዮ ወደ ሥራዋ መልሳት።» ተናዶ መለሳት፤ ቢሮ ውስጥ፣ ኮምፒውተር ፊት፣ ጫማዋን ከጠረጴዛው ሥር አውልቃ። እትዬ የትኞቹ ያወለቀችውን ጫማ ሲያዩ ሳቁ። ጎንበስ ብዬ ባይ የራሳቸውም ጫማ ወልቋል።

መጽሐፉን ያቃናው ግን አንድ ቀን እንደ ዋዛ የጣሉት ቃል ነው። «ልጅ ልጅን የሚያውቀው በከበሮው አይደለም፤ በሚያናድደው ነገር ነው» አሉ። ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱ ገጽ የአንድ የተናደደ ልጅ ሆነ። ቤታቸው ሐይቅ ላይ በእንጨት ምሰሶ የቆመ የምዕራብ አፍሪካ የቶፊኑ ልጅ፣ ወንድሟ መቅዘፊያውን ይዞባት ሄዶ ከትምህርት ቤት ሊያስረፍዳት ነው። ከደቡቡ ጫፍ የመጣችው የንዴቤሌ ልጅ እናቷ ግድግዳው ላይ ደማቅ ቅርጽ እየሣለች «እንዳትነኪ» ስትላት እጇ ቀለሙ ላይ ተለጥፎ ቀርቷል። የሰሃራ በረሃው የቱዋሬግ ልጅ አባቱ ፊታቸውን የሚሸፍኑበትን ረጅም ጥምጥም ሳይፈቀድለት አድርጎ ተጠልፎ ወድቋል። የምዕራብ አፍሪካ አካኖች ልጅን በተወለደበት ቀን ይሰይማሉና አርብ የተወለደው ኮፊ ደግሞ፣ መምህሩ ስሙን በጠራ ቁጥር አብሮት የሚነሳው የኮፊ ብዛት አንገሽግሾታል። ገጽ በገጽ እየተከተለ «ይታተም» ተባለ። የካላንደር ክፍል ሰዎች በመተላለፊያው ሲያልፉ ፊታቸው መጥቆር ጀመረ።

ከዚያ የመጨረሻው ገጽ መጣ።

የመጨረሻውን ገጽ የጻፈው ሥራ አስኪያጁ ራሱ ነው። በወፍራም ወረቀት ተጽፎ፣ በትልልቅ ፊደል፦ «አፍሪካውያን ሁሉ እንግዳ ተቀባይ፣ ደግና ሩኅሩኅ ናቸው።» ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጦ፣ እንደ አዲስ ሙሽራ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ቆመ። እኔና ሰዓሊው እርስ በርስ ተያየን፤ ከዚያ መስኮቱን ማየት ጀመርን።

«‹ሁሉ›?» አሉ እትዬ የትኞቹ።

«እትዬ፣ ይቺን እንኳ ይለፏት። ስድብ አይደለም እኮ፤ ሙገሳ ነው።»

«ሙገሳም ቢሆን በጅምላ ከሆነ ጅምላ ነው። አጎቴን አታውቀውም፣ ልጄ። እንግዳ ሲመጣ የውሻውን ሰንሰለት የሚያስረዝም ሰው ነው።»

«አጎትዎ አንድ ሰው ናቸው።»

«መጽሐፉስ ስለ ሰው አይደለም እንዴ?»

ሥራ አስኪያጁ ቀላ። መራጮቹ ሊመጡ እንደሆነ፣ ማሽኑ እንደተያዘ፣ ካላንደሮቹ እንደቋመጡ ነገራቸው። የሚናገረው ሁሉ እውነት ነበር። እሳቸው እስኪጨርስ ጠበቁት፤ ከዚያ ድምፃቸውን ሳያነሱ እንዲህ አሉት፤

«ልጅ ያነበበውን ያምናል። ‹ሁሉም እንዲህ ናቸው› ካልከው፣ እሱ እንደዚያ ካልሆነ፣ ዓረፍተ ነገሩን አይደለም የሚጥለው፤ ራሱን ነው ከመጽሐፉ አውጥቶ የሚጥለው። እኔ ይህን ሁሉ ዘመን እዚህ የተቀመጥኩት አንድም ልጅ ከመጽሐፍ እንዳይወድቅብኝ ነው። አልፈርምም።»

«እንግዲያው እረፍትዎን ይውሰዱ» አለ ሥራ አስኪያጁ፤ ራሱም ባለው ነገር የደነገጠ ይመስላል። «ተወካይዎ ይፈርማል።»

ተወካያቸው እኔ ነኝ። እትዬ የትኞቹ ጫማቸውን አጠለቁ፣ ጃንጥላቸውን አነሱ፣ ቀዩን እስክሪብቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው «ተረከብ» አሉኝ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። እሳቸው ከወጡ ብዙም ሳይቆይ ሁለት የካላንደር ክፍል ሰዎች ሜትር ይዘው ገቡና ግድግዳችንን ለኩ።

በዚያ ሁኔታ ቤቴ ገባሁ። ባለቤቴ እርጥብ ፎጣ አልጋ ላይ ጥዬ ኖሮ፣ ፎጣውን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ መጣች። «ወንዶች እኮ ሁላችሁም አንድ ናችሁ!» አለች።

«የትኞቹ ወንዶች?» አልኩ።

አምላኬ ምስክሬ ነው፤ ሳላስበው ነው ያመለጠኝ። ባለቤቴ ፎጣውን ቁልቁል ለቀቀችው። «ይኸው!» አለች ለግድግዳው። «ቢሮ የሚያደርጉት አልበቃ ብሏቸው ቤቴም ገቡ!» ከዚያ ግን ፊቴን አየችና አጠገቤ ተቀመጠች። የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። «ፈርም በቃ» አለችኝ፤ ትንሽ አሰበችና «ግን ሴትየዋ ምን አጠፉ?» አለች። ባለቤቴ ሁለቱንም ወገን የምትረዳ ሰው ናት፤ አንዳንዴ ይህ አይጠቅመኝም።

በማግስቱ ገጹን ፊቴ ዘርግቼ ቀዩን እስክሪብቶ አነሳሁ። «ይ» ብዬ ጀመርኩና እጄ ቆመ። ክፍሉ ጸጥ ብሎ ነበር። ለካ ሰው «የትኞቹ?» የሚለው ሲያጣ የጻፈው ነገር ሁሉ እውነት ይመስለዋል፤ ያ ደግሞ ያስፈራል። ተነስቼ ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ሄድኩ።

«የመጨረሻው ገጽ የመቀመጫ ፈተና አልተፈተነም» አልኩት። «ወግ ነው። ሳይፈተን ብፈርም ነገ የሚጠየቀው ማነው?»

የሚከለክለኝ መስሎኝ ነበር። እሱ እቴ! ፊቱ በራ። «በደስታ! እንዲያውም እኔ ራሴ አነብላቸዋለሁ» አለ።

እኔ፣ ሰዓሊውና ሥራ አስኪያጁ ሆነን ቅርብ ወደሚገኝ ትምህርት ቤት ሄድን። ክፍሉ ውስጥ አግዳሚ ወንበሮቹ አሮጌዎች ስለነበሩ ትንሽ መቁነጥነጥ ከበቂ በላይ ይሰማል። እኔ የእትዬ የትኞቹን ቦታ ይዤ ከኋላ ተቀመጥኩ። ሥራ አስኪያጁ ማንበብ ጀመረ፤ ማንበብ ይችልበታል። መቅዘፊያ የተወሰደባት ልጅ ዘንድ ሲደርስ አንዱ ተማሪ «ወንድሟን ትምታው!» ብሎ ጮኸ። ኮፊ ዘንድ ሲደርስ ሁሉም የተወለደበትን ቀን መናገር ፈለገ፤ የማያውቁት ሊያለቅሱ ደረሱ። በረዶው ገጽ ላይ ሰዓሊው ሲጨበጨብለት አንገቱን ደፋ። ወንበሮቹ ድምፅ አላሰሙም።

ከዚያ ሥራ አስኪያጁ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ሸሚዙን አስተካክሎ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የራሱን ገጽ አነበበ። «አፍሪካውያን ሁሉ እንግዳ ተቀባይ፣ ደግና ሩኅሩኅ ናቸው።»

ከፊት አንድ ወንበር ሲጥ አለ። ከመሃል ሌላ። ከዚያ ክፍሉ በሙሉ እንደ አሮጌ ጋሪ ይንቋቋ ጀመር። አንዲት ፀጉሯ ሁለት ቦታ የተያዘ ልጅ እጇን አወጣች።

«አክስቴ እንግዳ አትወድም» አለች።

«ጎበዝ» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ሰው ሲያንኳኳ ሬዲዮኑን ትቀንስና ‹የለሁም በይ› ትለኛለች። እሷ አፍሪካዊት አይደለችም ማለት ነው?»

«አይ... ናት እንጂ። ይሄ ‹ሁሉ› ሲባል እኮ...»

«እኔስ? ‹የለችም› የምለው እኔ ነኝ።»

ሌላው ልጅ ጎረቤታቸው የገባባቸውን ኳስ እንደማይመልሱ ተናገረ። ሌላው ወንድ አያቱ እንግዳ ሲመጣ እንቅልፍ የወሰዳቸው እንደሚያስመስሉ ተናገረ። ሌላዋ ደግሞ እናቷ ሁሉንም ሰው እንደምታስገባ፣ እንዲያውም አባቷ «ይሄ ቤት ነው ወይስ አውቶብስ ጣቢያ?» እንደሚሉ ተናገረች። መምህራቸው ዝም ሊያሰኟቸው ቢነሱ ሥራ አስኪያጁ በእጁ ከለከላቸው። ጠጋ ብሎ ከልጅቷ ፊት ቁጢጥ አለ።

«የትኛዋ አክስትሽ ናት?» አላት።

እኔና ሰዓሊው በክፍሉ ዳርና ዳር ተያየን።

«ከላይኛው ፎቅ ያለችው» አለች ልጅቷ። «ግን ለኔ ደግ ናት። የሚበዛባት ሰው ስለሆነ ነው።»

«አውቃለሁ» አለ ሥራ አስኪያጁ ቀስ ብሎ። «እኔም እንደሷ የማደርግበት ቀን አለ።»

ከትምህርት ቤቱ ወጣን። ሥራ አስኪያጁ ገጹን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና «ቤታቸውን ታውቁታላችሁ?» አለ።

እትዬ የትኞቹ አንድ የቆየ ሕንፃ ላይ፣ ደረጃው በሚያልቅበት ነው የሚኖሩት። ማናችንም ገብተን አናውቅም። ደረጃውን ስንወጣ ከውስጥ የሬዲዮ ዜና ይሰማ ነበር። ሥራ አስኪያጁ አንኳኳ። ሬዲዮኑ ዝቅ አለ። ደግሞ አንኳኳ። ሬዲዮኑ ጠፋ። ሰዓሊው አፉን በእጁ ይዞ ወደ ግድግዳው ዞረ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ለካ አጎታቸው ብቻ አልነበሩም።

ሥራ አስኪያጁ ሦስተኛ አንኳኳ። ጥቂት ቆይቶ ከበሩ ጀርባ ድምፅ መጣ።

«ማነው?»

«እኛ ነን፣ እትዬ» አለ።

«የትኞቹ?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር። ያን ቀን ግን አልሳቅሁም። ከአንድ ሳምንት ያነሰ ጊዜ ነው ያልሰማኋት፤ ያቺን ቃል ግን እንደዚያ ናፍቄያት ኖሯል። ቀድሜ ተናገርኩ፦ «እኔ ነኝ፣ እትዬ፤ ፈሪ ዓረፍተ ነገር የምጽፈው።» ሰዓሊው ቀጠለ፦ «እኔም ነኝ፤ የከበሮው ሰውዬ ጌታ።» ሥራ አስኪያጁ ወደ በሩ ጠጋ አለ። «እኔ ደግሞ» አለ፣ ያለ ንግግር ድምፁ፣ «‹ሁሉ› ብዬ የጻፍኩት ነኝ። አንዲት ልጅ ከመጽሐፉ ልትወድቅብኝ ነበር።»

በሩ ተከፈተ፤ ሰንሰለቱ ግን አልወለቀም። በክፍተቱ አንድ ዓይንና የመነጽር ግማሽ ታየን። ስለ ልጅቷ፣ ስለ አክስቷና ስለ ሬዲዮኑ ነገራቸው። ሬዲዮኑ ጋ ሲደርስ ያቺ ዓይን ወደ መሬት ወረደች።

«በቦታው ምን ጻፋችሁ?» አሉ።

«ምንም። እሱን ልንጠይቅዎ ነው የመጣነው።»

«አሁን መጥታችሁ ምን አደረጋችሁ?»

«አንኳኳን» አልኩ።

«ከዚያስ?»

«ማን እንደሆንን ተናገርን።»

«እሱን ጻፉዋ!»

ሰዓሊው ወረቀቱን የሥራ አስኪያጁ ጀርባ ላይ ዘርግቶ፣ ሰንሰለቱ ያልወለቀ፣ ገርበብ ያለ በር በእርሳስ ነደፈ። እኔ ከሥሩ ጻፍኩ፦ «አሁን አንተም አንድ በር አንኳኳ፤ አንቺም አንኳኪ። ‹ማነው?› ሲሏችሁ ስማችሁን ተናገሩ። ከዚያ ስማቸውን ጠይቁ።» በክፍተቱ አሳለፍነው፤ ቀዩን እስክሪብቶም አብሬ ሰጠኋቸው። ረጅም ጊዜ ወሰዱ። ሲመለስ ከግርጌው «ይታተም» የሚል ነበረበት፤ አንዲት ነጠላ ሰረዝም አርመዋል።

«በሉ ሂዱ» አሉ። «እንግዳ አልወድም።» በሩ ተዘጋ፤ ሬዲዮኑ ተከፈተ።

መጽሐፉ ደረሰ። መራጮቹ ወሰዱት። የካላንደር ክፍል ሰዎች የለኩትን ግድግዳ ረስተው ደጃቸው ቆመው ሰላም ይሉናል። እትዬ የትኞቹ ዓመቱን ጨርሰው ጃንጥላቸውን ይዘው ወጡ። በቦታቸው የተተካው ልጅ ትሑት ነው፤ የጻፍኩለትን ሁሉ «በጣም ጥሩ ነው» ይለኛል። ይኸው ከዚያ ወዲህ አንድ ዓረፍተ ነገር አምኜ አልጻፍኩም።

ስለዚህ በየቅዳሜው ረቂቄን ይዤ ያንን ደረጃ እወጣለሁ። አንኳኳለሁ፤ ሬዲዮኑ ይቀንሳል፤ «ማነው?» ይሉኛል፤ ማን እንደሆንኩ ለይቼ እስክናገር አይለቁኝም። በክፍተቱ አሳልፌ፣ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ፤ ቀልቶ ይመለስልኛል። የዚህን ጽሑፍ የመጀመሪያ አንቀጽ ግን አላሳየኋቸውም። እዚሁ ራሴ ላርመው፦ ሌላውን መሥሪያ ቤት አላውቅም። እኔ የማውቀው አንዱን ብቻ ነው፤ እዚያም የነበሩት አንዲት ሴት ብቻ ናቸው፤ እሳቸውንም እወዳቸዋለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ አንኳኩቼ ስሜን ከተናገርኩ በኋላ አንድ የማላውቀው የብረት ድምፅ ሰማሁ። ሰንሰለቱ ነው፤ ወለቀ። በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ። ጠረጴዛው ላይ ሁለት የሻይ ብርጭቆ ቀርቦ ነበር፤ አንደኛው ገና ይጨሳል፣ ሁለተኛው ሲጠብቀኝ ቆይቶ ኖሮ ቀዝቅዟል። ጫማዬን ጠርጌ ገባሁ።

«እትዬ» አልኩ፣ «እንግዳ አልወድም ብለው አልነበር?»

ወንበሩን ሳቡልኝ።

«የትኛውን እንግዳ?» አሉኝ።